ከሚፈርስ ቤት የሚወርድ ሴራሚክ ዋጋ ቢስ አይደለም

አዲስ ቤት መሠራቱ የኑሮ መሻሻል ምልክት እንደ ሆነ ሁሉ፣ ያረጀው ቤት መፍረሱም አንዳንድ ጊዜ የማይቀር ነገር ነው። ስለዚህ አሮጌ ቤት ለምን ይፈርሳል ብሎ መከራከር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ዓላማው ከዚያ ያነሰ የሚመስለውን፣ ነገር ግን ለከተማ አስተዳዳሪም ሆነ ለነጋዴ ከገንዘብና ከሥርዐት ጋራ የተያያዘውን አንድ ጕዳይ ማንሣት ነው። ይኸውም፣ ቤቱ በሚፈርስበት ጊዜ በግድግዳው ላይ ተለጥፎ የኖረው ሴራሚክ ሳይሰበር ወርዶ በሌላ ቤት ዳግመኛ ሊለጠፍ ሲችል፣ ስለ ምን በመዶሻ ተደቍሶ ከፍርስራሽ ጋራ ይጣላል የሚለው ጥያቄ ነው።

ነገሩ በሐሳብ ብቻ ተንሳፎ እንዳይቀር አንድ ሰፈር ይዞ መነጋገር ይሻላልና፣ በጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 7 ቢስ የሚባለውን እንውሰድ። የፈረንሳይ አስተዳደር በነበረበት ዘመን የሕዝቡን ሰፈሮች በስም ፈንታ በቍጥር ስለ ሰየማቸው፣ ከሰባተኛው ጋራ የተያያዘው ሰፈር ስምንተኛ መባሉ ቀርቶ ሰባት ቢስ ተባለ። አገሩ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1977 ነጻነቱን ካገኘ በኋላም ይኸው ስም ቀጥሏል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ቢስ የሚለው ቃል በፈረንሳይኛ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «ሁለተኛ ጊዜ፣ ዳግመኛ» ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ግን ዋጋ ቢስ፣ መላ ቢስ፣ ዕድለ ቢስ እያልን የጐደለውንና የማይረባውን ነገር የምንጠራበት ነው። አጋጣሚው የቃል ጨዋታ ቢመስልም ለተነሣንበት ጕዳይ የሚስማማ ነው። ከሚፈርስ ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ሴራሚክ በአማርኛው ቢስ ይሁን ወይስ በፈረንሳይኛው፣ የሚወስነው የሚያወርደው እጅና ያ እጅ የተቀጠረበት ውል ነው።

በጅቡቲ አሮጌ ካርቲየዎች ከእንጨትና ከቆርቆሮ የተሠራ ቤት ከብሎኬት ከተሠራው ጋራ ጎን ለጎን ይታያል። የእንጨቱና የቆርቆሮው ቤት ሲፈርስ ሥራው በጥንቃቄ ነው። ቆርቆሮው አይቀደድም፤ ሳንቃው አይሰነጠቅም፤ ሚስማሩ ሳይቀር ተስቦ ይቃናል። ሠራተኛውን ይህን ያስተማረው ትምህርት ቤት የለም። ያስተማረው ገበያው ነው፤ ደኅና ቆርቆሮና ደኅና ሳንቃ ገዢ እንዳለው ሁሉም ያውቃልና። የብሎኬቱ ቤት ሲፈርስ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በሩና መስኮቱ ተነቅሎ ይወጣል፤ የመጸዳጃው ዕቃና የውሃው ቧንቧም እንደዚሁ። በመታጠቢያ ክፍሉና በማብሰያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለውን ሴራሚክ ግን ዘወር ብሎ የሚያየው የለም። አንድ ሠራተኛ ትልቁን መዶሻ አንሥቶ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሙሉውን ግድግዳ ስብርባሪ ያደርገዋል።

እንዲህ የሚያደርገው ሰነፍ ወይም ክፉ ስለ ሆነ አይደለም። ውሉ እንዲህ እንዲያደርግ ስለሚነግረው ነው። የማፍረስ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በሁለት ነገር ነው፤ በስንት ቀን አልቆ ቦታው ባዶ ይሆናል፣ ስንት መኪና ፍርስራሽስ ይወጣል። በዚህ ሚዛን ሲታይ አንድ ሰዓት ወስዶ ዐሥራ አምስት ፍሬ ሴራሚክ ሳይሰበር ያወረደ ሠራተኛ የዘገየ ተብሎ ይገሠጻል፤ ያንኑ ዐሥራ አምስት ፍሬ በአንድ ምት የሰባበረው ትጉህ ተብሎ ይመሰገናል። የሚከፈልበት መንገድ ሳይለወጥ ሠራተኛውን ብቻ «ተጠንቀቅ» ማለት ከንቱ ድካም ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ነጋዴው «አሮጌ ሴራሚክ ምን ያደርጋል? አዲሱ በኮንቴይነር ተጭኖ ከእስያ ይመጣል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው» ሊል ይችላል። አባባሉ በከፊል እውነት ነው። አንድ ሰው አዲስ ቤት ሠርቶ ሙሉ ክፍል ለመለጠፍ ሲፈልግ፣ አሮጌ ሴራሚክ በካሬ ሜትር ሒሳብ ከአዲሱ ጋራ ሊወዳደር አይችል ይሆናል። ነገር ግን የአሮጌው ሴራሚክ ዋናው ዋጋ በካሬ ሜትር አይለካም። ዋናው ዋጋው ጥንድ መሆኑ ነው።

ይህን በምሳሌ እንየው። ጐኑ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሴራሚክ በአንድ ካሬ ሜትር 44 ፍሬ ያህል ይገባል። ግድግዳው 12 ካሬ ሜትር የሆነ መታጠቢያ ክፍል እንግዲህ 530 ያህል ፍሬ ይዟል። የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ ቧንቧ ሠራተኛው ለጥገና ግድግዳውን ሲከፍት 20 ፍሬ ቢሰበር፣ ባለቤቱ የሚፈልገው ሃያ ፍሬ ብቻ ነው። ሃያውን መልኩ፣ መጠኑና ውፍረቱ ሳይለይ ያገኘ እንደ ሆነ ጥገናው በአንድ ቀን ያልቃል። ያጣ እንደ ሆነ ግን ወይ ግድግዳው ተለጣጥፎ አስቀያሚ ሆኖ ይቀራል፣ ወይም ደኅናውን 510 ፍሬ አፍርሶ ሁሉንም በአዲስ ይለውጣል። ፋብሪካዎች መልክና መጠን በየጊዜው ስለሚለዋውጡ፣ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት የተለጠፈውን ዐይነት ዛሬ በአዲስ ዕቃ መደብር ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። የሚገኘው በዚያው ዘመን ከተሠራና ዛሬ ከሚፈርስ ሌላ ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ቤት በሰላም የወረደው ሃያ ፍሬ በሌላው ቤት አምስት መቶ ዐሥሩን ከመፍረስ ያድናል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ኮንቴይነር ሊያቀርበው አይችልም።

በወደብ ከተማ ለሚኖር ሰው ሌላም ምክንያት አለ። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1949 ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋራ በተወሰነ ሒሳብ የተሳሰረ ነው፤ ከ1973 ወዲህም አንድ ዶላር በ177.721 ፍራንክ ይመነዘራል። ይህ ለንግድ መረጋጋት ቢጠቅምም፣ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ በዶላር ተከፍሎ በመርከብ እንደሚመጣ አያስቀርም። ከ1998 ወዲህ አብዛኛው የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ የሚያልፈው በዚሁ ወደብ ስለ ሆነ፣ የመርከብ ኪራይ በናረ ጊዜ ጅቡቲም አዲስ አበባም በአንድነት ይሰማቸዋል። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር በንግድ መርከቦች ላይ ጥቃት በመድረሱ ብዙ የመርከብ ኩባንያዎች ጕዞአቸውን አፍሪካን በደቡብ በኩል ወደሚዞረው ረጅም መንገድ ሲለውጡ፣ ኪራዩ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ታይቷል። በእጅ ያለውን ሰብሮ ከሩቅ ማስመጣት በደኅናው ቀን ኪሳራ ነው፤ በክፉ ቀን ደግሞ ሞኝነት ነው።

«መልካም፣ ግን ሳይሰበር ይወርዳል ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ በምን እንደ ተለጠፈ ይወሰናል። በኖራ የተለጠፈው ኖራ ለስላሳ ስለ ሆነ በቀላሉ ይላቀቃል። በሲሚንቶና በአሸዋ ድብልቅ የተለጠፈው ይጠነክራል፤ ነገር ግን ድብልቁ በግድግዳው ልስን ላይ በሚገባ ያልያዘበት ቦታ ብዙ ነውና ከዚያ መጀመር ይቻላል። በጣት አጥንት ሲመቱት ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ፍሬ እንዲህ ያለው ነው። ከሁሉ የሚያስቸግረው በዘመናዊ ቀጭን ማጣበቂያ የተለጠፈው ሲሆን፣ ከእርሱ ብዙ ተስፋ ማድረግ አይገባም። ስለዚህ ፍርዱ በግምት ሳይሆን በሙከራ ይሁን። ከማፍረሱ በፊት ከየክፍሉ ዐሥር ፍሬ ይሞከር። ከዐሥሩ ስድስትና ሰባቱ ሳይሰበር የወረደ እንደ ሆነ ሥራው ይቀጥል፤ ሁለትና ሦስት ብቻ የዳነ እንደ ሆነ ይተው። ይህ ሙከራ ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅም።

የአወራረዱ ሥርዐት ደግሞ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ በፍሬና በፍሬ መካከል ባለው መጋጠሚያ የተሞላው ነጭ ሲሚንቶ በሹል ብረት ወይም በትንሽ የኤሌክትሪክ መቍረጫ ተፍቆ ይወጣል፤ ይህ ሳይደረግ አንዱን ፍሬ መነቅነቅ ጐረቤቱን መስበር ነው። ቀጥሎ ጠርዙ ክፍት ከሆነበት፣ ወይም አስቀድሞ ከተሰነጠቀ ፍሬ ይጀመራል። የተሰነጠቀው ፍሬ ለሌሎቹ መግቢያ በር እንዲሆን ይሠዋል። ከዚያ ስስና ሰፊ መሮ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ፣ እንደ ተኛ ያህል ሆኖ፣ ከፍሬው ጀርባ በትንሽ በትንሹ ይገባል። አንዱ ሠራተኛ መሮውን ሲመታ ሁለተኛው ፍሬውን በእጁ ይደግፋል። ከታች አሸዋ ወይም አሮጌ ፍራሽ ይነጠፋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ምሥጢር አለ። ቤቱን አድሶ ሊኖርበት የሚፈልግ ሰው ሴራሚኩንም ግድግዳውንም ሁለቱን ማዳን አለበት፤ ስለዚህ ይቸገራል። ቤቱን ለማፍረስ የቈረጠ ሰው ግን ለግድግዳው የሚያዝንበት ምክንያት የለውም። መሮው ከፍሬው ጀርባ አልገባም ካለ፣ ከድብልቁም ጀርባ አልፎ ልስኑን ይምታ፤ ፍሬው ከነድብልቁ ይውረድና ጀርባው በኋላ በጥላ ሥር ተቀምጦ ይጠረግ። ግድግዳው ባዶ ብሎኬት የሆነ እንደ ሆነም ከወዲያ በኩል ብሎኬቱን አፍርሶ ሴራሚኩን ከነልስኑ በሰፊ ቍራጭ ማውጣት ይቻላል። እንግዲህ ሴራሚክን ሳይሰብሩ ለማውረድ ከሁሉ የተሻለው ጊዜ ቤቱ የሚፈርስበት ጊዜ ሆኖ ሳለ፣ በዚያው ጊዜ ሁሉም መሰበሩ የሚያስደንቅ ነው።

ከወረደ በኋላ ያለው ሥራ ማጽዳትና መለየት ነው። ኖራው ውሃ ውስጥ አድሮ ከራሰ በኋላ በቢላዋ ይፋቃል፤ ሲሚንቶው በመፍጫ ድንጋይ ይስተካከላል። በባሕር ዳር ከተማ ለውሃው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሴራሚኩ ጀርባ ውሃ የሚመጥ ስለ ሆነ፣ ጨዋማ ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈ እንደ ሆነ ጨውን ይጠጣል፤ ኋላም ጨው በአዲሱ ግድግዳ ላይ ነጭ ሆኖ እየወጣ ልባጡን ያስነሣል። የጅቡቲ የከርሰ ምድር ውሃ ጨው የሚበዛበት በመሆኑ፣ ንጹሕ ውሃ ከኢትዮጵያ ምድር ከሐደጋላ በቧንቧ መምጣት የጀመረው በ2017 እንደ ነበር አንባቢ ያስታውሳል። እንዲህ ባለ አገር ውሃ ማባከን ነውር ነውና፣ አንድ በርሜል ንጹሕ ውሃ ደለሉ እየተጠለለ ደጋግሞ ቢያገለግል ይበቃል፤ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ብቻ አዲስ ውሃ ይሁን። አሲድ የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን አሲድ እጅንና ሳንባን የሚጐዳ ከመሆኑም በላይ፣ ማቶኔላ የሚባለውን ከሲሚንቶ የሚሠራ የወለል ንጣፍ ይበላዋል። ለማቶኔላ ፈጽሞ አይገባም።

ጤናን በሚመለከት ችላ የማይባል ነገር አለ። ሴራሚክና ሲሚንቶ በደረቁ ሲፈጭ የሚነሣው ስስ አቧራ በሳንባ ውስጥ እየተቀመጠ የማይድን በሽታ ያመጣል። ስለዚህ ሥራው እየተረጠበ ይሠራ፤ ሠራተኛውም ለአፍና ለአፍንጫው ደኅና መሸፈኛ፣ ለዓይኑ መነጽር፣ ለእጁ ጓንት ይሰጠው። በጥንታዊ ሴራሚኮች ልባጥ ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል ፊታቸው አይፈጭ። በአንዳንድ አሮጌ ማጣበቂያዎች ውስጥ አስቤስቶስ ይገኝ ስለ ነበር፣ ጥቍር ወይም ቃጫ የመሰለ ማጣበቂያ የታየ እንደ ሆነ ሥራው ቆሞ ዐዋቂ ይጠየቅ። ሴራሚክ አድናለሁ ብሎ ሰው መጕዳት ቍጠባ ሊባል አይችልም።

የጸዳው በሦስት ይከፈላል። ምንም ያልተነካው አንደኛ ነው፤ ጠርዙ የተሸረፈው ተቈርጦ ለማዕዘን ስለሚሆን ሁለተኛ ነው፤ የተሰበረው ለወለል ሞዛይክ ወይም ለመሠረት ሙሌት ይሆናል። የጥንት ሴራሚክ ከአንዱ ክፍል ወደ አንዱ ክፍል በሚሊ ሜትር የሚለያይ ስለ ሆነ፣ ከየክፍሉ የወረደው በየሣጥኑ ተለይቶ መጠኑና ቍጥሩ በላዩ ቢጻፍበት ገዢው ይተማመናል። ተደባልቆ በክምር የተሸጠ እንደ ሆነ ግን ያ ሁሉ ድካም መልሶ ዋጋ ቢስ ይሆናል።

ይህ አሳብ በሌላ አገር ያልተሞከረ አዲስ ነገር አይደለም። በፖርቱጋል አገር የቤቶች ፊት በሴራሚክ መሸፈኑ የታወቀ ነው። በፖርቶ ከተማ ማዘጋጃ ቤቱ የዕቃዎች ባንክ የሚባል መጋዘን አለው፤ ከሚፈርሱና ከሚታደሱ ቤቶች የወረደው ሴራሚክ በዚያ ይቀመጣል፤ ጥቂት ፍሬ የጐደለው የቤት ባለቤትም ተመሳሳዩ ከተገኘ ለጥገና ይሰጠዋል። በቤልጅግ አገር በብራስልስ ከተማ ደግሞ ሮቶር የሚባለው ድርጅት ከሚፈርሱ ሕንጻዎች ዕቃ እያወረደ፣ ሴራሚኩን አጽድቶና ለይቶ በመሸጥ ይታወቃል። አንደኛው የአስተዳደር፣ ሁለተኛው የንግድ መንገድ ነው፤ ሁለቱም ይሠራሉ።

ከፖርቱጋል የምንማረው የማስጠንቀቂያ ትምህርትም አለ። አሮጌው ሴራሚክ ገዢ ባገኘ ጊዜ ሌባም አገኘው፤ ሌሊት ሌሊት ከቤቶች ግድግዳ እየተነቀለ በገበያ ይሸጥ ጀመር። በዚህ ምክንያት በ2007 የአገሩ የወንጀል ምርመራ ፖሊስ ሙዚየም ስርቆቱን ለመከላከል አንድ ልዩ ሥራ አቋቋመ፤ በ2017 ደግሞ በሴራሚክ የተሸፈነ የቤት ፊት ያለ ማዘጋጃ ቤት ፈቃድ እንዳይነቀል በሕግ ተከለከለ። እንግዲህ ዋጋ ያልነበረውን ነገር ዋጋ ስንሰጠው፣ ከየት እንደ መጣ የሚያስረዳ ወረቀት አብሮ መኖር አለበት። አለዚያ ባለቤቱ ለጊዜው የሌለበት ባዶ ቤት ሁሉ አደጋ ላይ ይወድቃል፤ በቅንነት የገዛውም ነጋዴ ፖሊስ ጣቢያ ይቆማል።

ከራሳችንም ዘንድ ምሳሌ አይጠፋም። በአዲስ አበባ መርካቶ የሚገኘው ምናለሽ ተራ፣ ሌላው የጣለውን ብረት፣ ጣሳና የቤት ዕቃ ተቀብሎ ዳግመኛ ለሥራ የሚያበቃ የገበያ ክፍል መሆኑን የማያውቅ ጥቂት ነው። እዚያ ያለው ዕውቀት ትልቅ ነው፤ የጐደለው አፍራሹ ዕቃውን ሳይሰብር እንዲያወርድ የሚያደርገው ውል ነው። በ2024 በአዲስ አበባ በፒያሳና በአካባቢው ለኮሪደር ልማት ብዙ አሮጌ ቤቶች በአጭር ጊዜ ውስጥ ፈርሰዋል። ስለ መፍረሳቸው የተለያየ አስተያየት ተሰጥቷል፤ እኛ ግን የምንለው ይህ ነው፤ ቤት በጥድፊያ ሲፈርስ በውስጡ ያለው ሊድን የሚችል ዕቃ አብሮ ይጠፋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላልና ተረቱ፤ የፈሰሰው እህል ይለቀማል፣ የተደቈሰ ሴራሚክ ግን አይለቀምም። ጠቅላላ ሕንጻዋ በ2017 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበችው በአስመራም ቢሆን፣ አንድ የተሰበረ የጥንት ሴራሚክ በሌላ አዲስ መልክ ቢተካ የቤቱ ታሪክ በዚያው መጠን ይቀነሳል። እዚያ ጥንድ ፈልጎ ማግኘት ከገንዘብም በላይ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ለአስተዳዳሪዎች የምናቀርበው አሳብ ሦስት ነው፤ ሦስቱም አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልጋቸውም።

አንደኛ፣ የማፍረስ ፈቃድ በሚሰጥበት ጊዜ ዕቃ ለማውረድ የሚያስፈልግ አጭር ጊዜ፣ ለምሳሌ አምስት የሥራ ቀን፣ በፈቃዱ ላይ ይጻፍ። ዐሥር ፍሬ የመሞከሩ ሥራ በዚሁ ጊዜ ይፈጸማል፤ ካልተሳካ ማፍረሱ ወዲያው ይቀጥላል። ሁለተኛ፣ መንግሥት ራሱ በሚያፈርሳቸው ቤቶች ውል ላይ ክፍያው በሁለት ይከፈል፤ ቦታውን ስለ ማጽዳት አንድ ዋጋ፣ ሳይሰበር ስለ ወረደ እያንዳንዱ ፍሬ ደግሞ ሌላ ዋጋ። ግለሰቦች የመንግሥትን ውል እያዩ የራሳቸውን ያስተካክላሉ። ሦስተኛ፣ የሚሸጠው ሴራሚክ የወረደበትን ቤት የማፍረሻ ፈቃድ ቍጥር የያዘ ደረሰኝ እንዲኖረው ይደረግ። ይህ አንድ መስመር ጽሑፍ ሌባውንና ነጋዴውን ይለያል።

ለነጋዴዎች ደግሞ የምንለው ይህ ነው። አሮጌ ሴራሚክ የአዲሱን ገበያ ያጠፋል ብላችሁ አትስጉ። ሃያ ፍሬ ፈልጎ የመጣ ሰው ጥንዱን ካገኘ በኋላ ማጣበቂያውን፣ ነጭ ሲሚንቶውን፣ ቧንቧውን ከእናንተው ይገዛል። ከመደብራችሁ ጀርባ ጥቂት መደርደሪያ ብታቆሙና ከየዐይነቱ አንድ አንድ ፍሬ ለናሙና በግድግዳ ላይ ብትሰቅሉ፣ ሌላው መደብር የሌለው ዕቃ ይኖራችኋል። ለካርቲየ 7 ቢስ ዐይነቱ ሰፈር ይህ በተለይ ይስማማል፤ ነዋሪው ቤቱን በአንድ ጊዜ አፍርሶ የሚሠራበት ገንዘብ ስለማይኖረው ዛሬ አንዱን ግድግዳ፣ ከዓመት በኋላ ሌላውን እያለ ያሻሽላልና። እንዲህ ላለው ሰው በጥቂት ፍራንክ የሚገዛ ግማሽ ሣጥን ሴራሚክ፣ ማብሰያ ቤቱን ከጥቀርሻና ከእርጥበት የሚያድን ትልቅ ነገር ነው።

በመጨረሻም ስለ ሠራተኛው። በማፍረስ ሥራ የሚሰማራው ብዙውን ጊዜ ከሁሉ ያነሰ ደመወዝ የሚከፈለው የቀን ሠራተኛ ነው፤ በጅቡቲም ሥራ ፍለጋ ከኢትዮጵያ የወረዱ ወንድሞቻችን ከዚህ ወገን ይገኛሉ። ትልቅ መዶሻ ማንሣት ጕልበት እንጂ ሙያ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ጕልበቱ ያለቀ ዕለት ሥራውም ያልቃል። ሴራሚክን ሳይሰብሩ ማውረድ ግን የእጅ ሙያ ነው። በፍሬ የሚከፈለው ሰው በየቀኑ እጁ እየተካነ፣ የሚያድነውም እየበዛ፣ ገቢውም እያደገ ይሄዳል። በጉልበት የጀመረው ወጣት በዚህ መንገድ ግንበኛና ለጣፊ ሊሆን ይችላል፤ ያወረደውን መልሶ ለመለጠፍ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቀው የለምና።

በሺሕ ዲግሪ እሳት የተተኰሰ ሸክላ በግድግዳ ላይ አርባ ዓመት ውሃና እንፋሎት ችሎ፣ ፊቱ ሳይደበዝዝ ቆይቶ፣ በመጨረሻዋ ቀን በሩብ ሰዓት መዶሻ እንዲያልቅ የሚያስገድድ ምክንያት የለም። የሚያስፈልገው አምስት ቀን፣ ስስ መሮ፣ አንድ በርሜል ውሃና በትክክል የተጻፈ ውል ነው። አስተዳዳሪው ፈቃዱን ሲፈርም፣ ነጋዴውም ውሉን ሲዋዋል ይህን አንድ አንቀጽ ቢጨምሩበት፣ ለከተማቸውም ለኪሳቸውም የሚበጅ ሥራ እንደ ሠሩ በአጭር ጊዜ ውስጥ ያዩታል።